የአልጋነሽ ግራ እጅ

ከቦዲቲ እስከ ገሱባ፣ ከገሱባ እስከ ሃላሌ የእኔ ጣት ያላረፈበት ኮምፒዩተር ካለ ገና ከካርቶኑ አልወጣም ማለት ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ሥራው የማይናገርለት ሰው ምርኩዝ ነው። ሶዶ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሱቄ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ሻይ የጠጣ ኪቦርድ፣ ጉንዳን የሰፈረበት ማዘርቦርድ፣ የፓስተር ላፕቶፕ፣ የቄስ ላፕቶፕ፣ ሁሉንም አስነስቻለሁ። አንዳንዱን በካቻቢቴ፣ አንዳንዱን በግልምጫ ብቻ።

ስለዚህ የጮራ ዝንጅብል አምራቾች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ አቶ ወልደመስቀል ሰኞ ጠዋት ደውለው፣ «አቶ ሶርሳ፣ ኮምፒዩተራችን ስታክ እያደረገ አስቸገረን» ሲሉኝ፣ ስልኩን ሳልዘጋው በልቤ ግማሹን ጠግኜው ነበር።

ዩኒየኑ ሁለት ኮምፒዩተር በእርዳታ አግኝቷል። ሁለቱም ሊኑክስ የተጫነባቸው ናቸው። የገበሬዎቹ መመዝገቢያ ፕሮግራም የሚሠራው ደግሞ ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት ውስጥ ነው፤ ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ቁልፍ የለው፣ ነጭ ፊደል ብቻ። ለእኔ ይህ ገነት ነው። ለዩኒየኑ ሰዎች ግን የሲኦል ደጃፍ ሆነባቸው፤ ምክንያቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ በማውስ ቀስት እየጠቆሙ የኖሩ ናቸው። ማውስ ሳይዝ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ላይ ያለኝን ንቀት እዚህ ብዘረዝር ወረቀት አይበቃም። ባጭሩ፣ አፍ እያለው በጣት የሚያመለክት ሰው ነው።

ቢሮው ስደርስ ሦስት ሰዎች ጠበቁኝ። አቶ ወልደመስቀል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ከጎናቸው የዩኒየኑ የአይቲ ባለሙያ ቃለሕይወት አለ፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ባጁን ከቢሮ ውጭ እንኳ ከአንገቱ አያወልቅም፣ ዲግሪውን ደግሞ በየሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ያነሳል። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠችው አልጋነሽ ናት።

አልጋነሽን ለማያውቅ ልንገር። ከታይፕራይተር ዘመን ጀምራ ጸሐፊ ናት። እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ክፍል ተምረናል፤ እሷ አንደኛ ትወጣ ነበር፣ እኔ ሁለተኛ። አሥራ ሰባተኛ ነበርክ የሚሉኝ አሉ፤ ያ የመምህሩ የድምር ስህተት ነው። ጣቷ ሲሮጥ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው። በቀን ሦስት መቶ ስም መመዝገብ ትችላለች፤ አሁን ግን ሰማንያ አልሞላላትም። ፕሮግራሙ ሠላሳ ስም ሲሞላ ነው ገጹን ወደ ዲስክ የሚጽፈው። ሃያ፣ ሃያ አምስት ስትደርስ ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ያኔ ቃለሕይወት ይመጣል፣ የማጥፊያውን ቁልፍ ይጫናል፣ ሃያ አምስቱ ስም ይጠፋል። የዲግሪው ሙሉ ጥበብ ይህች ናት፦ አጥፍቶ ማብራት። ይህንንማ የእኔ ጎረቤት የዶሮ መፈልፈያ ላይ ትሠራዋለች።

«ምዝገባው ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በፊት ማለቅ አለበት» አሉ አቶ ወልደመስቀል። «ዓርብ እወስናለሁ። ማሽኑ ከሆነ እንመልሰዋለን። ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ወይዘሮ አልጋነሽ ወደ ሃላሌ ቅርንጫፍ ይዛወራሉ። እዚያ ምዝገባው በወረቀት ነው፤ ይመቻቸዋል።»

አልጋነሽ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች። እኔ ግን የምታስበውን አወቅሁ። ሃላሌ ክፉ አገር ሆኖ አይደለም። ባሏ ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቤቱ ውስጥ እሷና ልጇ ሜላት ብቻ ናቸው፤ ሜላት ደግሞ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። እናትየው ሃላሌ ስትሄድ ልጅቱን ለማን ትተዋለች? ለግድግዳው?

«ጋሼ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው» አለ ቃለሕይወት። «እኔ ስቀመጥበት አንድ ቀን ስታክ አድርጎ አያውቅም። እሳቸው ሲቀመጡ ብቻ ነው።»

«ሲቀመጡ ምን ያደርጋሉ?»

«እሱን ነው ያላወቅሁት። ዕድሜ ይመስለኛል።»

አልጋነሽ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ «ዕድሜዬን የትኛው ሶኬት ላይ ሰክቼው አገኘኸው?» አለችው።

ልጁ አፍሮ ዝም ቢል ደግ ነበር። እሱ ግን አንድ መልእክት ሊያሳየኝ ፈለገ። ከአልጋነሽ ትከሻ በላይ ተንጠራርቶ በማውስ ጽሑፉን አጠቆረና «ኮፒ አድርጌ ልላክልዎት» ብሎ ኮንትሮል ሲ ተጫነ። ፕሮግራሙ ሞተ። የአልጋነሽ አሥራ ዘጠኝ ስም አብሮ ተቀበረ።

«አያችሁ?» አለ ወደ አቶ ወልደመስቀል ዞሮ፣ ያለ ምንም እፍረት። «ሊኑክስ ኮፒ አያውቅም።»

ሊኑክስ ኮፒ አያውቅም! በጥቁሩ መስኮት ኮንትሮል ሲ «ቅዳ» ማለት አይደለም፣ «ግደል» ማለት ነው። መቅዳት የፈለገ ሺፍትን ይጨምራል። ወይም በማውስ ማጥቆር ብቻ ይበቃዋል፤ የተጠቆረው በዚያው ተቀድቷል፣ የመሃሉን ጎማ ሲጫኑት ይለጠፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ተርሚናል አጠገብ መድረስ የለበትም፤ ሕግ ባወጣ ኖሮ በአሥር ሜትር ርቀት አቆመው ነበር።

አስነሳኋቸውና ተቀመጥሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያን ተርሚናል አንቆጠቆጥሁት። ፊደሉን አሳደግሁ። ብልጭ ድርግም የሚለውን ጠቋሚ አርግቼ አወፈርሁት። የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑት የተቀዳው እንዲለጠፍ አደረግሁ። የኮፒውን ቁልፍ በስህተት የማይገድል ቦታ አዛወርሁት። በመጨረሻ ዘውዱን ደፋሁለት፦ ካፕስ ሎክን ኮንትሮል አደረግሁት። ይህ የእኔ ፊርማ ነው። ካፕስ ሎክ በትልልቅ ፊደል ለመጮህ እንጂ ለምንም የማይጠቅም ቁልፍ፣ ኪቦርዱ ላይ ምርጡን ቦታ ይዞ እንደ ቀበሌ ዘበኛ ተቀምጧል። ያወቀ ሰው ያን ቦታ ለኮንትሮል ይሰጠዋል። «አሁን ይህ ማሽን» አልኳቸው፣ «በደቡብ ኢትዮጵያ ካለ ማሽን ሁሉ አንደኛ ነው።» ሲያንስ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አልጋነሽ ናት።

«ሶርሳ፣ ይሄ ኪቦርድ የማን ነው?»

«የዩኒየኑ።»

«አይደለም። የአንተ ነው። የእኔ ቢሆን ጠዋት ሦስቴ አይሞትብኝም ነበር። ድሮ ይደርቅ ነበር፣ አሁን ጭራሽ ይሞታል።»

ሄድሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የታይፕራይተር ሰው ናትና፣ ስሙን በትልልቅ የላቲን ፊደል ለመጻፍ ካፕስ ሎክን በትንሿ ጣቷ ትመታለች፤ ጣቷ ገና ሳይነሳ የመጀመሪያው ፊደል ይመታል። ፍጥነቷ ነው። ስሙ በሲ የሚጀምር ከሆነ፣ እኔ ኮንትሮል ያደረግሁት ቁልፍ ከሲ ጋር ገጠመ፤ ግደል! በወላይትኛ የላቲን አጻጻፍ «ች»ም «ጭ»ም በሲ ስለሚጀምሩ፣ አገሩ ደግሞ ስሙ በሲ በሚጀምር ገበሬ የተሞላ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው አልልም፤ እኔ አስተካክያለሁ፣ የሷ ጣት ግን ለዚያ ማስተካከያ አልተማረም። መለስሁት። አቶ ወልደመስቀል በበሩ አንገታቸውን አስገብተው አዩን። የያዙት ወረቀት የዝውውር ደብዳቤ መሆኑን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። «ማኅተም ብቻ ነው የቀረው» አሉ፣ እንደ መልካም ዜና።

አልጋነሽ ደብዳቤውን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታ ኢሻው» አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ በወላይትኛ አልጠራችኝም። «ስለ ማሽኑ የምታውቀውን ሰማሁ። ስለ እኔ ሥራ ግን አንዴም አልጠየቅኸኝም።»

በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳትሁት። ይህ አንዱ ነው፤ ሌላውን ረስቼዋለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በርጩማ ስቤ ከጎኗ ተቀመጥሁ። ስክሪኑን አይቼ አይቼ ጠግቤዋለሁ፤ እጇን አያለሁ አልኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አየሁ። ምንም። ጣቶቿ ያላንዳች ስህተት ይሮጣሉ። ቃለሕይወት እያለፈ «ጋሼ፣ ሥራ ነው ፊልም?» ብሎ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መብራቱ ብልጭ አለ። ከጠረጴዛው ሥር ያለው፣ መብራት ሲሄድ ማሽኖቹን የሚያቆየው ዩፒኤስ የሚባል ባትሪ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለና ተመልሶ ዝም አለ። ስንት ሰከንድ? አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። በዚያች ቅጽበት የአልጋነሽ ግራ እጅ ከመንገዱ ወጣ። ትንሿ ጣት ወደ ታች ጥግ፣ የቀለበት ጣት ወደ ኤስ። ተጫነችና ተመለሰች። እስትንፋስ እንኳ አልወሰደባትም።

ስክሪኑ ደረቀ።

«አሁን ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

«አልጋነሽ፣ አየሁሽ እኮ።»

«ምን አየኸኝ? ስም እየጻፍሁ ነው!» ተናደደች። እውነቷን ነው፤ መንካቷን አታውቅም። እጇ ነው እንጂ እሷ አይደለችም የነካችው።

«ጻፊ» አልኳት።

«ምኑ ላይ? ደርቋል!»

«ደረቀም አልደረቀም ጻፊ። ሦስት ስም።»

እያጉረመረመች ጻፈች። በጥቁሩ መስኮት ላይ ምንም አልታየም። ያኔ እጄን ዘርግቼ ኮንትሮል ኪው ተጫንሁ። ሦስቱም ስሞች ከነቀበሌያቸው ዠው ብለው ወረዱ። አንድም ፊደል አልጎደለም። አልጋነሽ አፏን በእጇ ሸፈነች። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ግኝት የሚገባውን ያህል ጮኼ ሳቅሁ፤ ከጎረቤት ቢሮ ሰው መጣ።

አሁን ስሙኝ። በዚህ ከተማ ኮምፒዩተር የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን መብራት ሄዶበት የጻፈው ጠፍቶበታል። አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ አንዱ የስብሰባ ቃለ ጉባኤው፣ አንዷ የመዘምራኑ የግጥም ደብተር። አስተማሪዎቻችን «መብራት ብልጭ ካለ ሴቭ!» እያሉ በማስመሪያ እጃችንን መትተዋል። ስለዚህ ዩፒኤስ ሲጮህ ኦርቶዶክሱ ያማትባል፣ ጴንጤው «ጌታ ሆይ» ይላል፣ ኮንትሮል ኤስ ግን ሁለቱም ይጫናሉ። ወደ ጭንቅላት አይወጣም፤ ከጆሮ ቀጥታ ወደ ጣት ነው። በጥቁሩ መስኮት ውስጥ ደግሞ ኮንትሮል ኤስ «አስቀምጥ» አይደለም። ዱሮ ተርሚናል ማለት ወረቀት ላይ የሚያትም ማሽን በነበረበት ጊዜ የወጣ ትእዛዝ ነው፦ «ቁም፣ ወረቀቱ ሞላ።» ኮንትሮል ኪው «ቀጥል» ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ሃምሳ ዓመት ሆነው፤ ትእዛዙ ግን እንደ አንዳንድ የቢሮ ኃላፊ ጡረታ አልወጣም።

ተርሚናሉ ሲነሳ በሚያነበው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጻፍሁ፦

stty -ixon

አለቀ። ከእንግዲህ ኮንትሮል ኤስ አያቆምም። ለዚህች አንድ መስመር ሦስት ቀን ፈጀሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ዓመት ፈጅቶ፣ ኮምፒዩተሩን ሸጦ፣ ሊኑክስን ሰድቦ ይሞት ነበር። ሁለተኛውን ማሽን አልነካሁትም። ለምን እንዳልነካሁት ያኔ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም፤ ተንኮል አንዳንዴ ከባለቤቱ ቀድማ ነው የምታስበው።

ዓርብ ጠዋት ሁላችንም ተሰበሰብን። ያገኘሁትን ነገር በሚገባው ግርማ አስረዳሁ፤ ከወረቀት ማሽኑ ጀምሬ ወደዚህ መጣሁ። ሐሙስ ዕለት አልጋነሽ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ስም እንደመዘገበች፣ አንዴም እንዳልደረቀባት ተናገርሁ። ጭብጨባ ባይኖር እንኳ ራስ መነቅነቅ ጠብቄ ነበር።

አቶ ወልደመስቀል ግን ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አደላድለው፣ «ስለዚህ» አሉ፣ «የሚነኩት እሳቸው ናቸው።»

«ማለት?»

«እርስዎ ራስዎ ነገሩን። ማሽኑ ጤነኛ ነበር። ሰው ነው የነካው።»

«እኔ ሰኞ ያልሁት ይሄንን ነው» አለ ቃለሕይወት፣ ባጁን እያስተካከለ። «የተጠቃሚ ስህተት። ፕሮፌሽናል ተጠቃሚ እንዲህ አያደርግም።»

አልጋነሽን አየኋት። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ፣ ግራውን በቀኙ ሸፍናዋለች። በሃያ ዓመት ሥራ ያጎበጣት ነገር የለም፤ በዚያች ደቂቃ ግን የገዛ እጇን ደበቀች። ያወጣሁት እውነት ሃላሌ ሊያደርሳት ነው፤ ቲኬቱን የቆረጥሁት እኔ ነኝ።

«ቃለሕይወት፣ አንተ አታደርገውም?» አልሁ።

«በፍጹም።»

«ዩፒኤስ ቢጮህም?»

«ጋሼ፣ እኔ ኮምፒዩተር ሳይንስ ነው ያጠናሁት።»

«እሱማ ባጁ ላይ አለ። እንግዲያው እኛ ያልተማርነው እንማር። ሁለተኛው ማሽን ላይ ተቀመጥ፣ እሷም የራሷ ላይ ትቀመጥ። ሃያ ሃያ ስም ጻፉ። አቶ ወልደመስቀል ይዩ። ፕሮፌሽናል እጅ ምን እንደሚመስል ከዛሬ ወዲያ አይጠፋንም።»

ልጁ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። እጅጌውን ሰበሰበ። እውነት ለመናገር ፈጣን ነው፤ ሰባት፣ ስምንት ስም ሲገባ እኔ እንደ ተመልካች ከጠረጴዛዎቹ ጀርባ ዞርኩ። ሁለቱም ማሽኖች የተሰኩት አንድ ዩፒኤስ ላይ ነው። የዩፒኤሱ ገመድ ከግድግዳው እስከ ወለሉ ተዘርግቷል። ጫማዬ አርባ አራት ቁጥር ነው። ገመዱን ጠለፍሁት፣ ሳብሁት።

ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!

ሦስት ግራ እጅ በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ ብዬ እምላለሁ፤ አቶ ወልደመስቀል ኮምፒዩተር ሳይኖር ቆመው እንኳ የግራ ጣቶቻቸው ጠረጴዛውን ነካ አደረጉ። አልጋነሽ ኮንትሮል ኤስ ተጫነች፤ ምንም ሳይሆን ስሟን ቀጠለች። ቃለሕይወት ኮንትሮል ኤስ ተጫነ። ከዚያ ሌላ ስም ጻፈ። አልታየም። ሌላ ፊደል መታ። አልታየም። ማውሱን ያዘ፣ አወዛወዘው፣ ቀኝ ተጫነ፣ ግራ ተጫነ። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«ምን ነካህ?» አልሁት።

«ምንም አልነካሁም!»

ይህን ሲል ድምፁን ራሱ ሰማው መሰለኝ፤ እጁን ከኪቦርዱ አነሳና ትክ ብሎ አየው። አቶ ወልደመስቀልም የራሳቸውን ግራ እጅ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ በቀኛቸው ደብዳቤውን ሳቡ፣ መሳቢያ ከፍተው አስገቡት።

«ይቅር» አሉ። «ወይዘሮ አልጋነሽ እዚሁ ይቀጥላሉ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያቺን መስመር ደግሞ በሁሉም ላይ ይጻፉልን።»

ንግግር ላደርግ አፌን ስከፍት አልጋነሽ ጣቷ ሳይቆም፣ «ሶርሳ፣ ገመዱን አንተ ነህ የነቀልከው?» አለች።

«እግሬ ነው።»

«እግርህን ትተህ መልሰህ ሰካው። ይሄ ዩፒኤስ ከአራት ደቂቃ በላይ አይዝም፤ ከጠዋቶቹ ጋር የገጹ ሃያ ስድስተኛ ስም ላይ ነኝ፣ ገጹ ገና አልተጻፈም።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ለአቶ ወልደመስቀል ስለ...»

«ሶርሳ!»

በዚህ ዞን ለጥቂት ሰው ብቻ ነው የምንበረከከው። ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ አቧራ፣ የደረቀ እስክሪብቶ፣ የቃለሕይወት የተወለወለ ጫማ። ሶኬቱ ከካቢኔው ጀርባ ነው፤ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ገባ። ከላይ ጣቶቿ ይሰማሉ፤ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት። የዩፒኤሱ ጩኸት ፈጠነ። ሰካሁት። ዝም አለ።

«ሠላሳ» አለች አልጋነሽ ከላይ፣ ለማንም ሳይሆን።